ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያላችሁ፣ በደጀን፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ የምትከታተሉኝ፣ ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ አፋፍ ያላችሁ አድማጮቼ ሁሉ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዛሬው ትምህርታችን አደጋ ወደ ደረሰበት አገር ሰው ሊረዱ ስለሚነሡ የቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ነው። እንዴት ይሰናዱ? ምን ይያዙ? መንገዱን እንዴት ይለፉት? ደርሰውስ ምን ይሥሩ? ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ቀረብ አድርጉ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ያላችሁም «ያዝልኝ» በሉት።

ነገሬን ከአንድ መራራ ቀን ልጀምር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ሮጦ ደረሰ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይምስ ጀመር። እዚያው እየማሱ ሳሉ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ሊያወጡ የመጡት ከተቀበሩት ጋር አብረው ተቀበሩ። ለማዳን ሮጠው ካለቁት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩ የአካባቢው ባለሥልጣናት በጊዜው ተናግረዋል። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ፤ አገሪቱም ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች።

እነዚያን ሰዎች የሚወቅስ አፍ አይኖረንም። ጎረቤቱ ከጭቃ ሥር እያለ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? እኛ ግን ከሩቅ የምንሄድ ነን። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባን አልፎ ጎፋ እስኪደረስ ቀን ያልፋል። ሕይወት ያለውን ከጭቃ የማውጣቱን ሥራ ጎረቤትና የአካባቢው ሠራተኛ ጀምሮት እንደርሳለን። የኛ ድርሻ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የተረፈውን ማብላት፣ ማልበስ፣ ማስጠለል፣ ማጽናናት። ጎረቤት ያጣውና እኛ ያለን አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከመነሣታችን በፊት የምናስብበት ጊዜ። ያንን ጊዜ ሳንጠቀምበት ከሄድን፣ የምንሄደው ሸክም ለመሆን ነው።

(አጭር ዜማ)

ይህን ትምህርት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እድራችንን ማየት ይበቃል። ሰው ሲሞት እድር እንዴት ይሠራል? ድንኳኑን ራሱ ይዞ ይመጣል። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ አግዳሚውን ራሱ ያመጣል። እናቶች እንጀራውን በመሶብ ተሸክመው ይመጣሉ። ሐዘንተኛው «ዕቃው የት አለ? ውኃ ማን ይቅዳ?» ብሎ እንዲጨነቅ አይደረግም። ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዳኛው ሥራ ያከፋፍላል። ሐዘንተኛውን የሚያውቅ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ምን እንደጎደለ ይጠይቃል። ድንኳኑ ሲነቀል ማንኪያው ሳይቀር ተቆጥሮ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ሄዶ «ምሳ የት ነው?» የሚል እድርተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አደጋ የደረሰበት ወረዳ ትልቅ የለቅሶ ቤት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመዘዝ ነው፤ እንደ እድር ሂዱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። አበው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላሉ። ዜናውን በሰማችሁ ማግስት መኪና አትጫኑ። በቅድሚያ በቦታው ያለውን የወረዳ ቤተ ክህነትና የወረዳውን የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት በስልክ አግኙ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ስንት አባወራ ተፈናቀለ? አሁን የደረሳችሁ ምንድን ነው? የጎደላችሁስ? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ። ምክንያቱም ሁሉም ብርድ ልብስ ልኮ ድስት የላከ ላይኖር ይችላል፤ ዱቄቱ ተትረፍርፎ ማብሰያ እንጨት የጠፋበት ቦታ ይኖራል።

ሳይጠይቁ መላክ ምን እንደሚያመጣ ዓለም አይቶታል። በ1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል በእስያ አገሮች ላይ በወረደ ጊዜ፣ ከየአገሩ የተላከ አሮጌ ልብስ በየባሕር ዳርቻው ተከምሮ ቀረ። ሙቀት ለሚያቃጥለው አገር ወፍራም የክረምት ካፖርት የላኩም ነበሩ። ያንን ክምር ለማንሣት መኪናና ጉልበት ጠፋ፤ መኪናውና ጉልበቱ ግን ለምግብና ለመድኃኒት ነበር የሚፈለገው። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ «ልብስ አምጡ» ብላችሁ ከማወጃችሁ በፊት፣ የተጠየቀው ልብስ መሆኑን አረጋግጡ። ከተጠየቀም የሚሰጠው የታጠበ፣ የተጣፈና በልክ በልኩ የተለየ ይሁን። እኛ የማንለብሰውን ለሌላው መስጠት ምጽዋት አይባልም።

ወደ ስንቁ እንምጣ። እዚህ ላይ ጎጃም የሚያፍርበት ነገር የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፤ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ለዘማችና ለመንገደኛ ሲሰንቁት የኖሩት ለአደጋ ጊዜ የተፈጠረ ምግብ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውኃ ይበጠበጣል ወይም ጭብጦ ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው። አደጋው በፍልሰታ ጾም ቢመጣ ጿሚው ይበላዋል፤ ሙስሊሙ ወንድማችንም ያለ ጥርጣሬ ይበላዋል። የማንንም ሃይማኖት አይጋፋም።

ጥንቃቄው ግን ይህ ነው። ድርቆሹ ፀሐይ በደንብ ሳይመታው ከተቋጠረ በመንገድ ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ ለተራበ ሆድ መርዝ ነው። በጆንያ ብቻ አታድርጉት፤ ከውስጥ ላስቲክ ይኑረው። ቋጠሮው እኩል በእኩል ይሁን፤ አንዱ 5 ኪሎ ሌላው 8 ኪሎ ከሆነ ሲከፋፈል ጠብ ያመጣል። በየጆንያው ላይ ምን እንደሆነና መቼ እንደተዘጋጀ ጻፉበት። የዱቄት ወተትና ጡጦ ከቤታችሁ ሰብስባችሁ አትላኩ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቦታ በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ቶሎ በተቅማጥ ይያዛል። ለሕፃኑ ከሁሉ የሚበልጠው የምታጠባው እናት በደንብ መብላቷ ነው።

ውኃን በተመለከተ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ለአደጋ ጊዜ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል። አንድ መቶ አባወራ ተፈናቀለ እንበል፤ በአንድ ቤት አምስት ሰው ብንል 500 ነፍስ ነው። 500 በ15 ሲባዛ 7,500 ሊትር ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 375 ጊዜ መሙላት ነው፤ ያውም በየቀኑ! የታሸገ ውኃ ጭነን ይህን ልንሞላው አንችልም። ስለዚህ ብልህ ቡድን የሚጭነው ባዶ ጀሪካንና ውኃ አጋርን የመሰለ የውኃ ማከሚያ ነው። ውኃው እዚያው ይቀዳል፣ እዚያው ይታከማል።

ተቅማጥ ለያዘው ሰው ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በቤት የሚዘጋጀውንም መዝግቡ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን እንጂ አይቆለል። ልድገመው፤ አንድ ሊትር፣ ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው። ጨው ማብዛት ሕፃን ይጎዳል። ይህንንም እየሰጣችሁ ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

(አጭር ዜማ)

አሁን ማን ይሂድ ወደሚለው እንሂድ። «እኔ፣ እኔ» የሚለው ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ዳሩ ግን አንድ ሚኒባስ የሚይዘው 12 ሰው ብቻ ነው እንበል። 12ቱ እንዴት ይመረጡ? አንድ ካህን፣ ሁለት የጤና ባለሙያ፣ አንድ መካኒክነት የሚያውቅ ሹፌር፣ አንድ ጥሩ መዝጋቢ፣ ለብዙ ሰው ማብሰል የለመዱ፣ ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያጫውት መምህር። ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። አንዲት እናት ሞዴስ ወይም የውስጥ ልብስ እንደቸገራት ለወንድ አትናገርም፤ ለእኅቷ ግን ትናገራለች። ከሚሄዱት ይልቅ የሚቀሩት ሰዎች ሥራ እንደሚበዛም አንርሳ። ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ሁለተኛውን ጭነት የሚያሰናዳ፣ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ፣ የተጓዦቹን ቤትና ከብት የሚጠብቅ ያስፈልጋል። አዝመራው ደርሶ የሄደ ሰው ካለ፣ የቀሩት በደቦ ይሰብስቡለት። ያም አገልግሎት ነው።

የሚሄደው ሰው ጤናው የጸና ይሁን። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ወባ ትጠብቀዋለች፤ ይህን ጎጃም ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው መተከል፣ ወደ ፓዊ ወርዶ ሲሰፍር፣ ከራብ ካመለጠው ሰው ብዙ ነፍስ ወባ ቀጠፈች። ስለዚህ ሐኪም ሳታማክሩ አትውረዱ፤ አጎበር ሳትይዙ አትደሩ። ቆላ ወርዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁም «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ቆላ ወርጄ ነበር በሉና ተመርመሩ። በተቃራኒው የምትሄዱት በስሜን ተራሮች ዙሪያ እንዳለችው እንደ ጃናሞራ ወዳለ ውርጭ አገር ከሆነ፣ ጋቢና ቡልኮ ለራሳችሁ ያዙ። ከተፈናቃይ ብርድ ልብስ የሚበደር በጎ ፈቃደኛ እንዳይኖር!

መንገዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ከሰበካ ጉባኤና ከሀገረ ስብከት፣ እንደዚሁም ከወረዳ መስተዳድር የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍ። የጭነቱ ዝርዝር በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከመኪናው ጋር፣ አንዱ እዚህ የሚቀር፣ አንዱ ለተቀባዩ። መንገዱ ሰላም መሆኑ በዕለቱ ሳይረጋገጥ ጎማ አይነቃነቅ፤ መንገዱ ካልተከፈተ ጭነቱን በቅርብ ላለ አካል ማስረከብ ወይም ገንዘቡን በባንክ መላክ ሽንፈት አይደለም። ገንዘብ ከተላከ እህሉ እዚያው አካባቢ ካለ ገበያ ይገዛል፤ የጭነት ወጪ ይድናል፣ ያዘነው አገር ነጋዴም ይቆማል።

ወደ ደቡብ የምትወርዱ ሁሉ ደጀን ላይ ቆም በሉ። ከደጀን በዓባይ ላይ እስካለው ሕዳሴ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። የተጫነ መኪና ፍሬን ብቻ ታምኖ አይወረድም፤ በከባድ ማርሽ ይወረዳል። ክረምት ከሆነ ጭጋግ አለ፤ የሸለቆው አፈር ዝናብ ሲጠግብ የሚንሸራተት፣ አስፋልቱንም ይዞ የሚወርድ ነው። በሌሊት አትውረዱት። «ሰው እየሞተ እንዴት እንደር?» የሚል ይኖራል። ገደል የገባ እርዳታ ግን ማንንም አያደርስም።

ስለ ናዳ ካነሣን ምልክቶቹን ሁሉም ይወቅ፤ ጮቄ ሥር ላለ ገበሬም ይጠቅማል። መሬት አዲስ ስንጥቅ ካበጀ፣ ዛፍና አጥር ከዘመሙ፣ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከደረቀ፣ በር አልከፈት አልዘጋ ካለ፣ ከዳገቱ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ከብትና ልጅ ይዞ ወደ ጎን መሸሽ እንጂ ዕቃ መሰብሰብ የለም። ሽሽቱ ወደ ታች አይሁን፤ ናዳው የሚሄደው ወደዚያው ነው። አንዴ ወደተናደ ቦታም ከባለሙያ ጋር ካልሆነ አትጠጉ፤ ዳገቱን የሚመለከትና ሲያሠጋ የሚጮህ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይቁም። የጎፋ ሰዎች ይህን ያስተማሩን በነፍሳቸው ነው።

(አጭር ዜማ)

ደረስን እንበል። ከመኪናው ላይ ቆሞ መወርወር፣ ሰውን አሰልፎ ፎቶ ማንሣት፣ በስጦታ መካከል ባነር መዘርጋት፤ እነዚህን ሦስቱን ከወዲሁ ተዉአቸው። የመጣውን በዝርዝሩ መሠረት ለተፈናቃዮቹ ኮሚቴና ለወረዳው አስረክቡ፤ አስፈርሙ። በእርጅና፣ በሕመም ወይም በእርግዝና ምክንያት ሰልፍ መቆም የማይችለውን ከኮሚቴው ጋር ሆናችሁ በየመጠለያው ፈልጉ። ሐዘንተኛውን «እንዴት ነበር? ንገረኝ» ብላችሁ ቁስሉን አትቆፍሩ። ሊያወራ ከፈለገ ስሙት፤ ካልፈለገ አብራችሁት ዝም በሉ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ዝም ብለን አይደል የምንቀመጠው?

ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ይረዳ፣ ማን አይረዳ የሚል ጥያቄ አይነሣ። በ1986 ዓ.ም. ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ የተቀባዩ ዘርና ሃይማኖት ሳይታይ እንደሚሰጥና ለሃይማኖት መስበኪያ እንደማይውል ይደነግጋል። ይህ መርሕ በአገራችንም በተግባር ታይቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ የወሎው ራብ ገና አገር ሳያውቀው ማለት ነው። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱ በበረታበት ጊዜ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በአንድ ኅብረት ሆነው፣ እህል የጫኑ መኪኖች በወሎ በኩል የጦር ግንባሩን አልፈው ትግራይ እንዲገቡ አድርገዋል። የሚዋጉ ወገኖች መንገድ የሚሰጡት እህሉ የማንም ወገን አለመሆኑን ሲያምኑ ነው። ይህ እምነት የሚገኘው ቀድሞ በተሠራ ሥራ ነው፤ አንድ ቡድን ቢያበላሸው ከኋላው የሚመጣው ሁሉ መንገድ ይዘጋበታል።

በቀጠሮ ቀናችሁ ተመለሱ። የተረከባችሁት ሥራ ካለ በአካባቢው ለሚቀር ሰው አስረክባችሁ ውጡ። ስትመለሱ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ቁሙ። ይህን ያህል ሰበሰብን፣ ይህን ያህል አወጣን፣ ይህን ያህል አስረከብን፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ይኸው በሉ። አንዲት እናት የሰጠችው አንድ ጣሳ ጤፍም ቢሆን ሒሳብ አለው። ለተጓዦቹም ዕረፍት ስጧቸው፤ እንቅልፍ የነሣው፣ የሚባንን ካለ ንስሐ አባቱ ያነጋግረው፣ ሐኪምም ይየው። ብዙ ሐዘን ያየ ሰው እሱም አጽናኝ ያስፈልገዋል።

አድማጮቼ፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። በመጪው እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ወይም በጽዋ ማኅበራችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። በደብተሩ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የሰው ስም፣ በሁለተኛው የሚችለው ሥራ፣ በሦስተኛው በስንት ቀን ማስታወቂያ ሊነሣ እንደሚችል ይጻፍ። ነርሷን፣ ሹፌሩን፣ ግንበኛውን፣ በሶ ፈጭታ የምታዘጋጀውን፣ ድንኳን የሚያውሰውን ሁሉ መዝግቡ። እድር የሚመሠረተው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ሰው በደኅና ቀን እየተሰበሰበ፣ እያዋጣ ነው የሚያቆመው። የእርዳታ ቡድንም እንደዚሁ ነው። ክረምት ሳይገባ ያ ደብተር ተሞልቶ ይደር።



(የመለያው ዜማ ከፍ ይላል)